የባሏ ልብ ጠባቂ

ሶልያና የባሏን ልብ የምትሰማው በግራ እጇ አንጓ ላይ ነበር። ሆስፒታሉ ያሰረላት ቀጭን አምባር የባምላክ ልብ በመታ ቁጥር ቆዳዋን ነካ ያደርጋታል። ፊቷን ስትታጠብ ይነካታል፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ ይነካታል፤ ልብስ መጠገኛ ሱቋ ውስጥ የሰው ሱሪ ጉልበት ስትጥፍም ይነካታል። መጀመሪያ ሰሞን በደነገጠች ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋት ነበር። በኋላ ለመደችው።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ዓይነት አምባር ያሰሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። «የልብ ጠባቂ» ይባላሉ። ልቡ የተጠገነ ሰው ሁሉ አንድ ጠባቂ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል፤ ባለትዳር ከሆነ ጠባቂው የትዳር ጓደኛው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንዷ ወሬዋን ድንገት አቋርጣ አንጓዋን ጨበጥ ካደረገች አጠገቧ ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዝም ብሎ ይጠብቃታል፤ ስትጨርስ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ባምላክ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነው። የካቲት ላይ በአንድ ረጅም ሕንፃ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ኬብል ግራሶ ሲቀባ የልቡ የደም ሥር ተዘጋ። የወገቡ ቀበቶ ባይዘው ኖሮ ምድር ቤት በደረሰ ነበር። አውርደው ሆስፒታል እስኪያደርሱት ድረስ ከልቡ ጡንቻ ሲሶው ሞቶ ነበር። ዶክተር ያፌት የሚባለው ቀዶ ሐኪም ምስሉን ለሶልያና አሳያት። ሕያው የሆነው የልብ ክፍል ሲጨማደድና ሲዘረጋ፣ የሞተው ዝም ብሎ ይጎተታል።

«የሞተውን ቆርጠን እናወጣና በሕያው ሥጋ እንጥፈዋለን» አላት ዶክተሩ። «ልጣፊውን የምናበቅለው ከሌላ ሰው ደም ነው። ከራሱ እንዳናበቅል ደሙ ተዳክሟል።»

«ከኔ ውሰዱ» አለች ሶልያና። እጅጌዋን የሰበሰበችው አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ነው።

ደሟ ተወስዶ ተመረመረና አይገጥምም ተባለች። ልጅ አልወለዱም። የባምላክ እናት የእማማ ሩሃማ ደም ደግሞ ዕድሜው ገፍቷል ተባለ።

«ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ትራስ ላይ ተኝተን እንዴት አይገጥምም?» ስትል ጠየቀች ሶልያና። ዶክተር ያፌት ትራስ ከደም ጋር ግንኙነት እንደሌለው በትሕትና አስረዳት። እሷ ግን ያቺን «አይገጥምም» የምትል ቃል ይዛ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆዷ አልወጣችም።

የገጠመው የውብዳር የምትባል ሴት ደም ነው። የድሮ ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ በተመለሰበት ሰሞን የተወለደች ናት፤ ሶልያናና ሩሃማ የሚባሉት አሮጊቶችና ወደዚያው የተቃረቡት ብቻ በሆኑበት ጊዜ። ከከተማው በላይ ጋራው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች እየወጣች ትጠግናለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት አይሞላም። ሶልያና ስሟን ገና ስትሰማ አልወደደችውም። ሴትዮዋን ስታያት ደግሞ ስም አውጪው እንዳልዋሸ ገባት፤ ይሄ አናደዳት።

ግንቦት ውስጥ ቀዶ ጥገናው ተካሄደ። የባምላክን ደረት ከፍተው የሞተውን ሥጋ አወጡ፤ ልጣፊውን በቦታው ሰፉት። ዶክተር ያፌት ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ሲወጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«እርስዎ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ስፌቱን ቢያዩት ይወዱት ነበር።»

«በምን ክር ሰፋችሁት?» አለች ሶልያና። ለማልቀስ ተዘጋጅታ ስለነበር ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

ከቀዶ ጥገናው የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳት። ልጣፊው ከየውብዳር ደም የበቀለ ስለሆነ፣ እስኪለምድ ድረስ የሚታዘዘው ለየውብዳር ልብ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ይሄ ማናበብ ይባላል። በተያያዙ ቁጥር የባምላክ ልብ በሙሉ በሷ ልብ ይመታል፤ እያደር ግን ልጣፊው ከአሮጌው ልብ ጋር ይናበብና ሴትዮዋን መስማት ያቆማል። ካልተናበበ አንዱ ሲጨማደድ ሌላው ይዘረጋል፤ ስፌቱም ይተረተራል።

«ቢተረተርስ?»

«ሁለተኛ የሚሰፋበት ቦታ የለም።»

ሶልያና ትንሽ አሰበች። «እጅ ለእጅ የግድ ነው?»

«የግድ ነው» አለ ዶክተር ያፌት። ጥያቄው ለሱ አዲስ አልነበረም።

የውብዳር ሰኔ መጀመሪያ ላይ መምጣት ጀመረች። የመጀመሪያውን ቀን ሶልያና ሱቋን ዘግታ ቤት ቀረች፤ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። የየውብዳር መዳፍ በገመድ የሻከረና የጠነከረ መሆኑን ስታይ ልቧ ትንሽ አረፍ አለ። የወንድ እጅ ነው እንጂ ምኑ የሴት ነው ብላ አሰበች። ባምላክ ግን እጇን ገልብጦ መዳፏን በጥሞና አየው።

«ይሄ የኬብል ነው?»

«የገመድ ነው ጋሼ። ኬብሉ የሚያሻክረው እዚህ ጋ ነው» አለችና ሌላ ቦታ አሳየችው።

ባምላክም የራሱን መዳፍ ዘረጋላት። ከዚያ ስለ ግራሶ፣ ስለ ቀበቶ ማያያዣ፣ ብርዱ የብረት መሰላል ላይ ስለሚሠራው ነገር ማውራት ጀመሩ። ሶልያና የማታውቃቸውን ቃላት እየተቀባበሉ ተጫወቱ። ሶልያና ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች፤ የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው።

ሁልጊዜ ሱቅ ዘግቶ መቀመጥ ስለማይቻል ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አዲስ ልብስ በነፍስ ወከፍ በሚታደልበት በዚያ ዘመን የጠጋኝ ሱቅ ሥራ አያጣም፤ ደምበኞቿም ቅር ማለት ጀምረዋል። ደግሞ ቤት መቅረት አያስፈልጋትም ነበር። የውብዳር በሩን አልፋ ባምላክ አጠገብ ቁጭ ስትልና እጁን ስትይዝ ሶልያና ከተማው ማዶ ሆና በአንጓዋ ታውቀዋለች። ጠዋቱን በጥድፊያ ሲነካካት የዋለው ትርታ ድንገት ዝግ ይላል፤ ሰፋ ያለ፣ የረጋ፣ ጋራ መውጣት የለመደ ሰው ትርታ ይሆናል። የባሏ አይደለም። ሌላ ሴት ባሏ ደረት ውስጥ ገብታ ስትራመድ መስማት ማለት ይሄ ነው። ያንን ሰዓት ሶልያና ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትሰፋው፤ በዚያ ክረምት ከሰዓት በኋላ የተጠገኑ ልብሶች ስፌታቸው ጠንካራ ነው።

ሐምሌ ማብቂያ ላይ ባምላክና የውብዳር ለምርመራ ሆስፒታል ሄዱ። ጠባቂ ትርታውን ይከታተላል እንጂ የምርመራ ውጤት የሚነገረው ለባለልቡ ነው።

«ምን አሉህ?» አለችው ማታ ራት ሲበሉ።

«ገና ነው። ክረምቱን ይቀጥል ብለዋል።»

«ክረምቱን ሙሉ?»

«እኔ ምን ላድርግ ሶልዬ፤ ሐኪሙ ነው ያለው።»

እሷም ምንም ማድረግ አትችልም። በአንድ በኩል የውብዳር በመጣች ቁጥር አንጀቷ ያራል። በሌላ በኩል ሴትዮዋ ቀረች ማለት ስፌቱ ተተረተረ ማለት ነው፤ ባምላክን ልትቀብር ነው። ባሏን እንዲኖርላት ከፈለገች እጁን ለሌላ ሴት ማስያዝ አለባት። እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ማንም ቢሆን መላ አያመጣም። ለጎረቤት ብትነግር «ያተረፈችልሽን ሰው!» ብለው ይታዘቧታል፤ ስለዚህ ለማንም አልነገረችም።

ነሐሴ ሲገባ ትርታው ተለወጠ። የውብዳር በምትመጣበት ሰዓት እንደ ወትሮው ዝግ ማለቱ ቀርቶ መጋለብ ጀመረ። ገና በሩ ላይ ሳለች ይጀምራል፤ ስትቀመጥ ይብሳል፤ ተሰናብታ ስትሄድ እየደከመ እየደከመ ይመለሳል። ሶልያና ሁለት ቀን ታገሠች። በሦስተኛው ቀን የሰው ቀሚስ ጭኗ ላይ እንዳለ እጇን አቆመች፤ ነገሩ ተገለጠላት። የውብዳር ባሏን ወዳዋለች። ባምላክ ምን ያድርግ፣ ምስኪን? ልቡ የሚታዘዘው ለሷ ነው፤ የሷ ልብ ሲጋልብ የሱም አብሮ ይጋልባል። ሶልያና ለባሏ አዘነች። የሴትዮዋን ምኞት በራሱ ደረት ተሸክሞ መዋሉ አሳዘናት።

የውብዳርን ግን ጠላቻት። ፀጉሯን ጠላች፤ አካሄዷን ጠላች፤ ደረጃውን ወጥታ ስትመጣ ትንፋሽ አለማጠሯን ጠላች። «እትዬ» እያለች ማክበሯንም ጠላች፤ ምክንያቱም አክብሮቱ ስለ ዕድሜዋ የሚያወራ መሰላት።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በወጣለት ፕሮግራም መሠረት በሚዘንብበት ሰዓት፣ ሶልያና የአንድ ተማሪ ያለቀ ኮት ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ እየሰፋች ሳለ አንጓዋ ላይ ግልቢያው ተጀመረ። የዛሬው ከሌላው ቀን ይብሳል። «አሁንስ በዛ!» ብላ አምባሩን ከእጇ ፈልቅቃ የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑንም ገጠመችበት። የእፎይታ ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

አምባሩ ከቆዳ ሲለይ ጠባቂ እንደሌለ ተቆጥሮ የነፍስ አድን ሠራተኞች እንደሚላኩ ሲያስሩላት ነግረዋት ነበር። በንዴት ረስታዋለች። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ በር ላይ ካፖርቷ በዝናብ የራሰ ነርስ ቆማ አገኘቻት።

«ወይዘሮ ሶልያና ነዎት? አምባርዎ ምን ሆነ?»

«ወደቀብኝ።»

ነርሷ ቆርቆሮውን አየችው። «አይደንግጡ፣ ባለቤትዎ ደህና ናቸው። ስናንኳኳ ስላልሰሙ በሩን ሰብረን ገባን እንጂ። እንደውም ከት ብለው እየሳቁ ነበር ያገኘናቸው። እንዲህ የሚስቅ የልብ ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም።»

ልታጽናናት ብላ ነው። ሶልያና ኮቱን ጠቅልላ ተነሳች። ባምላክ ቤት ውስጥ ከት ብሎ ሲስቅ የሰማችው መቼ እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ሄደች፤ አልመጣላትም።

ቤት ስትደርስ የውብዳር የተሰበረውን በር ስብርባሪ እየጠረገች ነበር። ጠረጴዛው ላይ የለውዝ ቅርፊት ተከምሯል።

«ምንድን ነበር የሚያስቀው?» አለች ሶልያና፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ኧረ እትዬ፣ ጋሼ ናቸው» አለች የውብዳር፣ እንደገና ሳቋ እየመጣባት። «ለፋሲካ ከነበጉ አሳንሰር ውስጥ የቀረውን ሰውዬ ሲያወሩልኝ ነው። ጋሼ ከላይ ሆነው 'ማንን ላስቀድም?' ቢሉት ሰውዬው 'በጉን!' አለ። አውጥተው ሲያበቁ በጉ በሰውዬው ኮት ኪስ የነበረውን ሰነድ ሁሉ በልቶት አገኙት።»

ሶልያና አልሳቀችም። ወደ ባምላክ ዞረች። «ይሄን ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም።»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ ባምላክ። እውነቱን ነው፤ ሶልያና ስለ አሳንሰር ጠይቃው አታውቅም።

በዚያው ሳምንት አንድ ሐሳብ መጣላት። አባቷ ከመንዝ ነበሩ፤ በልጅነቷ የነገሯት የድሮ ልማድ አለ። ሰው ባዳውን ልጁ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ በምስክር ፊት ያጠባዋል። የጠባው የጡት ልጅ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ከሰውዬው ልጆች ጋር እህትና ወንድም ነው። መጋባት አይቻልም፤ በዚያ ዓይን መተያየትም ነውር ነው። በከተማው ይሄን የሚያደርግ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ነገር ግን ሁሉም ሲወራ ሰምቶታል፤ የሚቃወመውም የለም። ሶልያና የውብዳርን ከቤቷ ልታስወጣት አትችልም። እህት ልታደርጋት ግን ትችላለች። ያውም ጎረቤቱ ሁሉ እየመረቃት።

እማማ ሩሃማ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው የስልክ ቪዲዮ ላይ እየጨፈሩ አገር ያወቃቸው ሴት ነበሩ፤ ዛሬም ሲቀመጡ ትከሻቸው ዝም አይልም። ሶልያና ሐሳቧን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ማር ጠብታ ልጄ ሆነች እንበል። ከባምላክ ጋር እህትና ወንድም ይሆናሉ።»

«አዎ እማማ።»

«አንቺንም እንቅልፍ ይወስድሻል።»

ሶልያና ቀሚሷን አስተካከለች። «ለሷም ነው እማማ። ሰው የላትም፤ ማሳደጊያ ነው ያደገችው። ልጅዎን ያተረፈች ሴት አይደለች?»

«ናት እንጂ። እኔማ ልጅ አልጠላም» አሉ እማማ ሩሃማ። «እሱን ጠይቀሽዋል?»

«ምኑ ይጠየቃል?»

ቢሆንም ነገረችው። ትርታው አንጓዋ ላይ አንዴ ደንቀፍ አለና ቀጠለ። «ምን አስቸኮለሽ?» አለ ባምላክ። «ውለታ አይዘገይም» አለችው። «ይሁን» አለ፤ እሷም ሆዱ ባብቶ ነው ብላ ተረጎመችው።

ለየውብዳር የነገረቻት እዚያው ሶፋው አጠገብ ነው። የውብዳር ፊቷን በሻካራ መዳፎቿ ሸፍና አለቀሰች። ሶልያና ለቅሶውን ቆማ አየችው፤ ደስ አላት። ምኞቷ ሲቆረጥ እያየሁ ነው ብላ አመነች። ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት፤ በዚያ ክረምት ለየውብዳር ያላት በጎ ስሜት ያን ጊዜ የነበረው ብቻ ነው።

በመስከረም አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ናሆም ለምስክርነት መጡ፤ ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። እማማ ሩሃማ ማሩ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን የንብ መሆን አለበት ብለው ሙጭጭ በማለታቸው ሶልያና ደጅ ጠንታ ትንሽ ብርጭቆ የማይሞላ አግኝታለች። ባምላክ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሸሚዙን የተኮሰችው ሶልያና ናት።

የውብዳር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። የሶልያና አንጓ ላይ ያ ግልቢያ ተነሳ። «ዛሬ እንኳ አያርፍላትም» አለች በልቧ፤ ቀና ብላም የሴትዮዋን ፊት አየች። የየውብዳር ፊት የረጋ ነበር። ልደቱ እንደተከበረለት ልጅ ፈገግ ብላ አሮጊቷን ታያለች። ሶልያና በየውብዳር ችሎታ ተደነቀች፤ እንዲህ የሚጋልብ ልብ ይዛ እንዲህ መረጋጋት!

እማማ ሩሃማ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ።

«እግዜር ይስማ፣ እናንተም ስሙ። ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጄ ናት። የወለድኩትን የምታይበት ዓይን የእህት ዓይን ነው፤ እሱም የሚያያት በወንድም ዓይን ነው። ይሄን ያፈረሰ ከኔ አይደለም።»

«ሰምተናል» አሉ አቶ ናሆም።

የውብዳር ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ጣት ጠባች። የሶልያና አምባር ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ተመለሰ፤ ግን ግልቢያው የለም። ከባድ፣ የሚጎተት፣ ደረጃ እየወረደ ያለ ሰው እርምጃ የመሰለ ትርታ ነው። ባምላክ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ሁሉም እልል አለ፤ ሶልያና ከሁሉም አስበልጣ እልል አለች።

ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ የውብዳር ሳህን ካላጠብኩ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ሶልያና እያደራረቀች አጠገቧ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን ስታያት ቆሽቷ አልደበነም። አልቋል፤ በሩ ተቆልፏል።

«ከአሁን ወዲያ እትዬ ማለት ልተው?»

«ተዪ። ሶልዬ በይኝ።»

«ሶልዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች የውብዳር፣ እጇ ውኃ ውስጥ እንዳለ። «ሐምሌ ላይ ስንመረመር ዶክተር ያፌት 'ተናብቧል፣ ከእንግዲህ አንቺን አይሰማም፣ መምጣት አያስፈልግሽም' ሲለኝ ከፍቶኝ ነበር የወጣሁት። ጋሼ መንገድ ላይ 'ሶልያና ለምዳሻለች፣ ብትቀሪ ቅር ይላታል፣ ነይ' ባይሉኝ ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር። ሰው ለምዶኝ አያውቅም። ለዚያ ነው የሥራ ፈረቃዬን እየለዋወጥኩ የመጣሁት። አንቺ ባትፈልጊኝ ኖሮ ዛሬ እናት አላገኝም ነበር።»

ሶልያና የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። እስከ ሐምሌ ምርመራ ድረስ ዝግ ያለና የረጋ ትርታ። ከምርመራው በኋላ የሚጋልብ። የየውብዳር ልብ የትኛው እንደነበረ ገባት። የሚጋልበውም የማን እንደነበር ገባት። ነሐሴን ሙሉ ያዘነችለት ሰውዬ ልቡ ለማንም አልታዘዘም፤ የራሱ ነበር።

«ቅር ይልሽ ነበር አይደል?» አለች የውብዳር።

ከጎኗ የቆመችው ሴት ፊት ላይ ተንኮል አልነበረም። ሶልያና ብትፈልገው ታገኝ ይሆን ብላ ደግማ አየች፤ የለም። ጥላቻዋን የምታሳርፍበት ቦታ ጠፋ።

«አዎ» አለቻት። «ለምጄሽ ነበር።»

እንግዶቹ ሄዱ። የውብዳር እማማ ሩሃማን ደግፋ ወደ ታች ወረደች፤ ያን ሌሊት እናቷ ዘንድ ልታድር ነው። ባምላክ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ሶልያና የምንጣፉን ፍርፋሪ በእጇ እየለቀመች ጀርባዋን ሰጥታው ቆየች።

«ማናበቡም አለቀ እንግዲህ» አለ ባምላክ። «ከነገ ጀምሮ አትመጣም።»

«መቼ ነው ያለቀው?»

አንጓዋ ላይ ያለው ትርታ ፈጠነ። «ሰሞኑን» አለ።

ልትጮህበት ትችል ነበር። ሽማግሌ ልትሰበስብ ትችል ነበር። ነገር ግን ማን ምን አደረገ ትላለች? አንድ ሰው ለውዝ በልቶ ሳቀ። ፍርፋሪውን አስቀምጣ ወደሱ ዞረች። ሐኪሙ አይደለም፣ እሷ ራሷ መመርመር ፈለገች።

«ለምን ትቀራለች? እህትህ አይደለችም እንዴ» አለችው። «ነገም ትምጣ።»

የባምላክ ልብ ዘለለ። አንጓዋን መትቶ እንደገና መታው፤ ያ የምታውቀው ግልቢያ ከደረቱ ተነስቶ ክፍሉን አቋርጦ እጇ ላይ ደረሰ። የውብዳር ቤት ውስጥ አልነበረችም።

«እንደፈለግሽ» አለ ባምላክ። ድምፁ ስለ ተበላሸ አሳንሰር እንደሚያወራ ሰው የረጋ ነበር።

ሶልያና ትርታው ረገብ እስኪል ድረስ እዚያው ቆመች። ሃያ ዓመት ሙሉ ልቡ ለሷ እንዲህ ዘሎ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ ግን ያን ጊዜ አምባር አልነበረም፣ የምታውቅበት መንገድ የለም። በሕጉ መሠረት ጠባቂነት የሚያበቃው ከሁለት አንዱ ሲሞት ነው። ልጣፊው ደግሞ ዶክተር ያፌት እንዳለው ጥሩ ይዟል፤ ሌላ ሠላሳ ዓመት ያኖረዋል።